ከጋላፊ ወዲያ የጠፉ ልጆቻችንን መዝግቡልን

ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ መንግሥታት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በድንበር፣ በወደብና በስደት ጉዳይ አብራችሁ ለምትሠሩ የሁለቱ አገሮች ባለሥልጣናት

ጉዳዩ፦ በጅቡቲ ኦቦክ ጠረፍና በባሕር ላይ የሞቱና የጠፉ ልጆቻችን በሁለቱ አገሮች የጋራ መዝገብ እንዲመዘገቡ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

እኔ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ። ተሳቢ መንዳት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። ከሞጆ ተነስቼ አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎግያን አልፌ በጋላፊ እሻገራለሁ፤ ጅቡቲ ዶራሌ ወደብ ጭኜ በመጣሁበት መንገድ እመለሳለሁ። ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ብረት፣ የዘይት ጀሪካን፣ ያላመላለስኩት ነገር የለም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ እህቴ ልጅ ነው። እንደ እሱ ወጥተው ስለቀሩትም ነው።

እህቴ የምትኖረው ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ልጇ 19 ዓመቱ ነበር። በ2016 ኅዳር ከአራት የሰፈር ልጆች ጋር ሆኖ አንድ ሌሊት ወጣ። በእኛ አገር አባባል ባሕር ገባ። ለእናቱ አልነገራትም፤ ቢነግራት እንደማትለቀው ያውቃል። ጠዋት ቁርስ ልታበላው ስትጠራው ነው አልጋው ባዶ መሆኑን ያየችው።

እህቴ አንድ ደብተር አላት። ልጇ በደወለ ቁጥር ስልክ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ያለውን ነገር ትጽፍበታለች። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማረችው፤ ፊደሎቿ ትልልቅና ክብ ናቸው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉት ቁጥሮች በ253 ይጀምራሉ፤ ጅቡቲ ማለት ነው። ቀጥሎ ያሉት በ967 ይጀምራሉ፤ የመን ነው። በ966 የሚጀምር ቁጥር የለም። ሳዑዲ አልደረሰም።

እንዲህ ይላል ደብተሩ፦

"ታኅሣሥ 3። ኦቦክ ነኝ አለ። በልቻለሁ አለ።"

"ታኅሣሥ 11። የደወለው ሌላ ሰው ነው። ብር አለ።"

"ታኅሣሥ 12። ልጄ አለቀሰ።"

"ጥር 2። ለቀቁኝ አለ።"

በታኅሣሥ 12 እና በጥር 2 መካከል ያለውን እኔ ልንገራችሁ፣ እሷ አልጻፈችውም። ልጁ የተያዘው ራስ አል አራ አካባቢ፣ ጀልባዎቹ የሚያራግፉበት የየመን ዳርቻ ላይ ነበር። እዚያ ልጆቹን የሚያጉሩበትን ግቢ ሆሽ ይሉታል። እየደበደቡት ነው ያስደወሉት። እህቴ በሬዋን ሸጠች፣ እኔ እቁቤን ቀድሜ እንድወስድ ጓደኞቼን ለመንኩ፣ ጎረቤት አዋጣ፣ 120 ሺህ ብር ላክን። ወደዚህ ገንዘብ ኋላ እመለሳለሁ፤ እናንተን የሚመለከት ነገር አለበት።

የደብተሩ የመጨረሻ ጽሑፍ ይህ ነው፦ "መጋቢት 24። ሳዑዲ ቀርቶብኛል፣ አገሬ እገባለሁ አለ። ጀልባ አገኘሁ አለ። እማ አታልቅሺ አለ።"

ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ባዶ ነው።

መጋቢት 30 ቀን 2016 ከየመን ወደ ጅቡቲ ትመለስ የነበረች ጀልባ ከኦቦክ በስተሰሜን ጎዶሪያ በሚባል ቦታ ሰጠመች። 38 ሰው ሞተ፤ ሕፃናትም ነበሩበት፤ ሌሎች ጠፉ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ 77 ሰው የጫነች ሌላ ጀልባ እዚያው አካባቢ ሰጠመች፤ ከ20 በላይ ሰው ሞተ። ሁለቱም ወደ አገራቸው የሚመለሱ ልጆችን የጫኑ ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ባሕሩ የሚበላው የሚሄዱትን ብቻ ይመስለዋል። የመን ጦርነት ውስጥ ናት፣ የሳዑዲ ድንበር ጥይት ነው፣ ገንዘቡ አልቋል፣ ስለዚህ ልጁ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይዞራል፤ ወደ ቤቱ ሲዞር ደግሞ ያው ደላላ፣ ያው ጀልባ፣ ያው ባሕር ይጠብቀዋል።

የእህቴ ልጅ ከመጀመሪያዋ ጀልባ ላይ ይሁን ከሁለተኛዋ አናውቅም። ከሁለቱም ላይ ላይሆን ይችላል። የመን ውስጥ እስር ቤት ሊሆን ይችላል። ይህ "ሊሆን ይችላል" የሚሉት ነገር እህቴን አላስተኛ አለ። ስልኳ እንዳይዘጋ መብራት በጠፋ ቁጥር ቻርጅ ልታደርግ ወፍጮ ቤት ድረስ ትሄዳለች፤ እዚያ ጄኔሬተር አለ።

ክቡራን፣ የጠየቅኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የልጁን ፎቶ ይዤ፣ የደብተሩን ኮፒ ይዤ። ጉዳዩ ጅቡቲ የደረሰ ስለሆነ እዚያ ጠይቅ አሉኝ። በቀጣዩ ቢያጆ፣ በቀጣዩ የጭነት ጉዞዬ ማለት ነው፣ ጅቡቲ ከተማ አንድ ቢሮ ገባሁ። በትህትና ነው ያነጋገሩኝ፣ አልዋሽም። ግን የሞቱት ተቀብረዋል፣ ስም የተያዘላቸው በሕይወት የተረፉት ናቸው፣ የቀረውን አገርህ ጠይቅ አሉኝ። አገሬን ጠይቄ መምጣቴን ነገርኳቸው። አንደኛው ሰውዬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "አላህ ያጽናህ" አለኝ። መርዶ ነገረኝ? አልነገረኝም። አጽናናኝ? እሱም አልሆነም። ለእህቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳላውቅ ስንዴዬን ጭኜ ተመለስኩ።

"ቁርጥ ያጠግባል" ይላሉ አባቶቻችን። እህቴ ቁርጡን አላወቀችም። ሸኾቹ በሌለበት እንስገድለት፣ ሰላተል ጋኢብ እናድርግለት ብለው መጡ፤ ልጄ በሕይወት ቢኖርስ ብላ እንቢ አለች። እርሟን አላወጣችም። ለቅሶ አልተቀመጠችም። ጎረቤት አብሮ ሊያለቅስላት ይፈልጋል፣ ግን በምን ቀን ይምጣ? አብረውት ከወጡት አንደኛው ሚስት ነበረው፤ 20 ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ባሏ የሞተባት ትሁን ያላት አታውቅም፤ ኢዳ፣ ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ጊዜ፣ እንዳትቀመጥ ሞቱ አልተረጋገጠ፣ እንዳትጠብቀው ወሬው የለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የአንድ ሰው ወሬ ጠፍቶ 2 ዓመት ካለፈ ዘመድ ፍርድ ቤት ሄዶ መጥፋቱ እንዲታወጅለት ማመልከት ይችላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን አንዲት የገጠር ሴት ምን ይዛ ትሂድ? ዳኛው ማስረጃ ይላታል። ማስረጃው ጎዶሪያ አሸዋ ውስጥ ነው ያለው፣ ቁጥር ሳይሰጠው።

አሁን ስለ ጭነት ላንሳ። ከልጁ ነገር ጋር ይገናኛል።

አንድ ኮንቴይነር ከዶራሌ ሲወጣ ስንት ሰው እንደሚያውቀው ታውቃላችሁ። ዲክላራሲዮን፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ ይሠራለታል። ይታሸጋል፣ የማሸጊያው ቁጥር ይመዘገባል። መኪናዬ ላይ ጂፒኤስ አለ፤ አንድ ቦታ ሁለት ሰዓት ከቆምኩ ምን ሆንክ ተብሎ ይደወልልኛል። ጋላፊ ላይ የጅቡቲ ሰው ያየዋል፣ የእኛ ጉምሩክ ያየዋል። ማራገፊያው ላይ ሦስት ከረጢት ማዳበሪያ ቢጎድል ጉድለት ተብሎ ከእኔ ይጠየቃል፤ የትኛው ኬላ ላይ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን እንዳየው ወረቀቱ ይናገራል። ይህን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ። ከአገራችን ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ ወደብ ስለሚያልፍ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ተነጋገራችሁ፣ ተስማማችሁ፣ ሰው መደባችሁ፣ ሠራ። ይህ ሥራ የእኔ እንጀራ ነው፤ አከብረዋለሁ። መቻላችሁን በዓይኔ ስላየሁ ነው የምጠይቃችሁ።

በዚያው መንገድ ዳር ልጆቻችን በእግር ይሄዳሉ። እነሱን የሚያውቅ ወረቀት የለም።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። 2014 ሰኔ ውስጥ ነው፤ ከጋላፊ ወዲያ፣ ዮቦኪ ሳልደርስ። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። በዚያ ወር በዚያ ሰዓት እዚያ መሬት ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ አስፋልቱ ላይ አየሩ እንደ ውሃ ይርገበገባል፣ የመኪናውን በር እጀታ በባዶ እጅ መያዝ አይቻልም። ሦስት ልጆች አየሁ። ሁለቱ ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ አንደኛው ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል። ሦስቱም ኮንጎ ጫማ ነው ያደረጉት። የተቀመጠው ልጅ እጅ ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ አለ፤ ውሃው እንዲቀዘቅዝ ጨርቅ ጠቅልለው በሲባጎ አስረውታል። ጨርቁ ደርቋል። ጠርሙሱም ባዶ ነው።

ከረዳቴ ጋር ወረድን። ውሃ ሰጠናቸው። የተቀመጠው ልጅ ጠጣና መለሰው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ጓደኛው እጄን ይዞ "ጋሼ፣ እሱን ብቻ እስከ ዲኪል ውሰድልን፣ እኛ በእግራችን እንመጣለን" አለኝ።

አልወሰድኩትም።

ለምን እንዳልወሰድኩት ታውቃላችሁ። ሰነድ የሌለው ሰው ጋቢና ውስጥ ከተገኘ ሹፌሩ አሻጋሪ ይባላል። መኪናው ይያዛል፣ ሹፌሩ ይታሰራል። በዚህ የታሰሩ ጓደኞች አሉኝ፤ ጉዳያቸው እስኪጣራ ልጆቻቸው ተቸግረዋል። ያለንን ውሃ በሙሉ፣ ዳቦና ብርቱካን ትተንላቸው ሄድን። በሁለተኛው ቀን ጭኜ ስመለስ እዚያ ድንጋይ ጋ አቆምኩ። ጠርሙሱ አለ፣ ጨርቁ አለ። ልጆቹ የሉም። ዲኪል ደርሰዋል ብዬ ማመን እፈልጋለሁ። የሰው ልጅ ነው፣ የእናት ልጅ ነው፣ እኔ ደግሞ የሰውን ሸቀጥ ይዤ ጥዬው አለፍኩ። የእህቴ ልጅ ከወጣ ወዲህ ያ ልጅ በየሌሊቱ ይመጣብኛል። ምናልባት የእህቴንም ልጅ እንደ እኔ ያለ አንድ ሹፌር አይቶት፣ ፈርቶ ጥሎት አልፎ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ነገር ከአሁኑ ልጠይቅ። በዚህ መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘን ሰው እስከ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ወይም ኬላ ማድረስ ወንጀል እንዳልሆነ በሁለታችሁም ስም ጽፋችሁ ስጡን። ደውለን የምናሳውቅበት አንድ ቁጥር ስጡን፤ በአማርኛም፣ በአፋርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በኦሮምኛም የሚመልስ። ብዙ ሹፌር ነው በዚህ መስመር የሚመላለሰው። ዓይን ልንሆናችሁ እንችላለን። እስከ ዛሬ ፍርሃት ነው ዓይናችንን የጨፈነው።

ወደ ባሕሩ ልመለስ። ባብ ኤል መንደብ ይሉታል በዓረብኛ፤ የእንባ በር ማለት ነው። ጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ያቺን ርቀት ለመሻገር ነው ይህ ሁሉ ሰው የሚያልቀው። በ2013 የካቲት ከኦቦክ በኩል የተነሳች ጀልባ 200 ያህል ሰው ጭና ስትሄድ አሻጋሪዎቹ በዛ ብለው 80 ያህሉን ወደ ባሕር ወረወሯቸው። ቢያንስ 20 ሞቱ። በ2017 መስከረም፣ የእኛ ሰው ለግሸን ማርያም ንግሥ በየመንገዱ በሚተምበት በዚያው ሰሞን፣ ከየመን የመጡ ሁለት ጀልባዎች 310 ሰው ጭነው ጅቡቲ ኮር አንጋር አጠገብ ደረሱና ሰዉን ባሕር ውስጥ ውረዱ አሉት። ከ40 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ጠፋ። በዚያው ዓመት የካቲት 27 ላይ በየመንና በጅቡቲ ባሕር አራት ጀልባዎች ሰጥመው ከ180 በላይ ሰዎች ጠፉ ተባለ። ሐምሌ 27 ደግሞ የመን ውስጥ አብየን ዳርቻ ላይ ከ150 በላይ ሰው የጫነች ጀልባ ሰጠመች፤ የተሳፈሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም የእኛ ልጆች ነበሩ፣ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አስከሬኑ ለቀናት ወደ ዳርቻው ሲገፋ ከረመ።

የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2024 ብቻ በዚህ መስመር ከ550 በላይ ሰው መሞቱን መዝግቧል። ይህ የታወቀው ነው። ጨለማ ውስጥ፣ ስሙ በማይጠራ ዳርቻ፣ ዘመድ ሳያውቀው የሰጠመውን ማን ይቆጥረዋል?

የጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ሌሊት ወጥተው ሰው እንዳዳኑ አውቃለሁ። የኦቦክ ዓሣ አጥማጆችም ብዙ ሰው ከውሃ አውጥተዋል። ጅቡቲ ትንሽ አገር ናት፣ መሬቷ ደረቅ ነው፣ ለራሷም ውሃ የላትም፤ የእኛን ልጆች አስከሬን ከአሸዋዋ ላይ ማንሳት የእሷ ዕዳ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ጅቡቲን ብቻዋን ወቅሼ አልሄድም። ልጆቹ የእኛ ናቸው። የመንግሥታችን ሰው ኦቦክ ላይ፣ ጎዶሪያ ላይ፣ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ "ይህ የእኔ ዜጋ ነው፣ ልመዝግበው" ማለት ነበረበት።

የምጠይቀው መዝገብ ከባድ አይደለም። አስከሬን ሲገኝ ከመቀበሩ በፊት ፊቱ ፎቶ ይነሳ፤ ፊቱ ከጠፋ ልብሱ፣ ጠባሳው፣ ጥርሱ፣ አንገቱ ላይ ያለው ክታብ ወይም ማተብ ፎቶ ይነሳ። ለዲኤንኤ ትንሽ ናሙና ይወሰድ። መቃብሩ ቁጥር ይሰጠው። ኪሱ ውስጥ የተገኘች ወረቀት አትጣል፤ ልጆቹ ስልክ ቁጥር በላስቲክ ጠቅልለው ቀበቷቸው ውስጥ ይሰፋሉ፣ እኔ አይቻለሁ። ይህ ሁሉ በአንድ መዝገብ ይግባ፤ ግማሹ ጅቡቲ ግማሹ አዲስ አበባ የሚቀር ሳይሆን ሁለታችሁም የምታዩት። በእኛ በኩል ደግሞ ደሴ ላይ፣ ኮምቦልቻ ላይ፣ ድሬዳዋ ላይ፣ ጭሮ ላይ፣ ጅማ ላይ፣ መቀሌ ላይ ቤተሰብ ሄዶ የልጁን ምልክት የሚያስመዘግብበት ጠረጴዛ ይኑር። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ኮምፒዩተር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የጠፋ ቤተሰብ የማፈላለግ ሥራ ከዱሮ ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ ኦቦክ ላይ ደግሞ የስደተኞች ድርጅቱ መመለስ የፈለገውን የሚረዳበት ማዕከል አለው። ከዜሮ ጀምሩ አላልኳችሁም።

አይቻልም እንዳትሉኝ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ2006 መስከረም 23 ጣሊያን ላምፔዱሳ ደሴት አጠገብ ጀልባ ሰጥማ 368 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ጣሊያኖቹ የጠፉ ሰዎችን ጉዳይ የሚከታተለው ቢሯቸውና የሚላን ዩኒቨርሲቲ የአስከሬን ምርመራ ባለሙያዎች አንድ ላይ ሆነው የሞቱትን ዘመዶች ጠሩ። እህት መጣች፣ ወንድም መጣ፣ ፎቶ አመጡ፣ ዲኤንኤ ሰጡ። ሁሉም አልተለዩም። ግን ስማቸው የታወቀ አሉ። የአንዱ እናት ልጇ የት እንደተቀበረ ዛሬ ታውቃለች። የእኛ ጎረቤት የሆነች እናት በባዕድ አገር ያገኘችውን እህቴ ከቤቷ የአንድ ቀን መንገድ ርቀት ላይ ለምን ታጣለች?

ቤተሰብ ደግሞ ይፈራል። ይህን ሳትፈቱ ጠረጴዛው ባዶውን ይውላል። እህቴ ቀበሌ ሄዳ ልጄ ጠፋ ለማለት አንድ ዓመት ነው የፈራችው። ለደላላ ከፍለሽ ልከሻል እንዳይሏት፣ ገንዘብ የላከችበትን ወረቀት አምጪ ብለው እንዳያስሯት። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የወጣው በሰው የሚነግደውንና የሚያሻግረውን ለመያዝ መሆኑን ሰምቻለሁ። እንግዲያው ልጇን ለማዳን ማስለቀቂያ የከፈለች እናት በዚህ እንደማትጠየቅ በግልጽ ይነገር። በሬዲዮ ይነገር፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ይነገር።

አሁን ወደዚያ 120 ሺህ ብር ልመለስ። ገንዘቡን የመን አልላክነውም። ያስገባነው እዚሁ አገር ውስጥ ባለ የባንክ ሂሳብ ነው። ቁጥሩን በስልክ ነገሩን፣ ባንክ ሄድን፣ አስገባን፣ ደረሰኙን በዋትሳፕ ላክን። በአማርኛ ነው ያነጋገሩን። ሂሳቡ የሰው ስም አለው። ደረሰኙ ዛሬም እጄ ላይ አለ። ልጁን የደበደበው እጅ የመን ነበር፣ ገንዘቡን የተቀበለው እጅ ግን እኛ መሃል ነው ያለው፤ ቡና አብሮን እየጠጣ ይሆናል። በድንበር ጉዳይ ስትነጋገሩ ስለ ጠረፍ ጥበቃ፣ ስለ ጀልባ፣ ስለ ኬላ ትነጋገራላችሁ። ጥሩ ነው። ግን እግሩ የቆሰለ ልጅ አሳዶ መያዝ ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚያዘው እሱ ነው። በገንዘቡ ዱካ ብትሄዱ ከልጆቹ በፊት ደላላውን ታገኙታላችሁ። ደረሰኝ ያላቸው እናቶች በሺህ ይቆጠራሉ። እንዳይፈሩ አድርጓቸው፣ ሁሉንም ያመጡላችኋል።

መንገዱን መዝጋት ብቻውን እንደማይበቃ ግን ከመንገዱ ሰው ስሙ። በ2006 ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድ ሲታገድ መስመሩ ላይ ነበርኩ። እገዳው እስከ 2010 ቆየ። በእነዚያ ዓመታት የመንገድ ዳር እግረኛ ሲቀንስ አላየሁም፤ በዛ። በአውሮፓውያኑ 2016 ወደ የመን የተሻገረው ሰው ከ100 ሺህ በላይ ነበር፣ እገዳው ከተነሳ በኋላም በ2019 ከ138 ሺህ አለፈ። አሁን በሕጋዊ መንገድ የሚሄዱት አብዛኞቹ ለቤት ሠራተኛነት የሚቀጠሩ ሴቶች ናቸው። ፍየል ለመጠበቅ፣ እርሻ ለመሥራት፣ ድንጋይ ለመሸከም ለሚሄደው የወሎና የሐረርጌ ወንድ ልጅ ያቺ በር ጠባብ ናት። ከሳዑዲ ጋር ስትቀመጡ ስለ እነዚህም ተነጋገሩላቸው። በ2015 ነሐሴ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆቻችንን እንደገደሉ ሂዩማን ራይትስ ዎች ሪፖርት ሲያወጣ፣ ሳዑዲ አልሆነም ብላለች፣ መንግሥታችን ደግሞ ከሳዑዲ ጋር ሆኜ አጣራለሁ ብሎ ነበር። የተጣራው ምን እንደሆነ ለሕዝቡ ንገሩት። እነዚያም እናት አላቸው።

ብዙ አወራሁ። ግን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የጠፋው ይመዘገብ፣ የሞተው ስም ያግኝ። ሌላው ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል ትሉኝ ይሆናል፤ ይህ በአንድ ስብሰባ የሚወሰን ነው። ለጭነት ያደረጋችሁትን ነው የምትደግሙት።

ማክሰኞ ቢያጆ አለኝ። ሐሙስ ጋላፊ እሆናለሁ። እህቴ ደብተሩን ሰጥታኛለች፤ መኪናው ውስጥ፣ ከሰነዶቹ ጋር ነው የማስቀምጠው። የልጁ ግራ ክንድ ላይ፣ ከክርኑ ዝቅ ብሎ፣ በሕፃንነቱ የፈላ ወተት ፈሶበት የቀረ ጠባሳ አለ። ከላይኛው የፊት ጥርሶቹ የአንዱ ጫፍ ተሸርፏል። ሲወጣ የለበሰው ሰማያዊ ሹራብ ነው፤ ቀኝ እጅጌው ተቀዶ እናቱ በጥቁር ክር ሰፍታዋለች። ይህን የሚጽፍልኝ ሰው ኬላው ላይ ካስቀመጣችሁልኝ መኪናዬን ጥግ አስይዤ አስመዘግባለሁ።

አክባሪያችሁ
የጅቡቲ መስመር ሹፌር